ዳገቱ፣ ቆርቆሮው፣ የመስኮቱ ብረት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ደጃፋችን ላይ ያለውን ቤት ወደ ሥዕል፣ ወደ ፎቶና ወደ ጥለት ስለ መለወጥ የተጠየቁትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ እርሳስና ቀለም መያዝ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። የጎንደር ሰው የፋሲልን ግንብ ይሥላል፣ የላሊበላ ሰው ቤተ ጊዮርጊስን ይሥላል። እኔ ከቤቴ ስወጣ የማየው ዳገትና ቆርቆሮ ነው። ከምን ልጀምር? (ከደሴ፣ ሙጋድ)

መልስ፦ ከዳገቱና ከቆርቆሮው ይጀምሩ። ለማጽናናት ብለን አይደለም። ደሴ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋት የተሠራች ከተማ ናት። ስለዚህ ብዙው ቤት ከመሬቱ ጋር ተደራድሮ የቆመ ነው። በላይ በኩል ሲገቡ አንድ ደረጃ እንኳ የሌለው ቤት በታች በኩል ዞረው ሲያዩት የድንጋይ መሠረቱ የሰው ቁመት ያህላል። ያ ሽብልቅ የመሰለ መሠረት ሜዳ ላይ ባለ ከተማ አይገኝም።

መላ ሠፈሩን በአንድ ወረቀት ለማስገባት ግን አይሞክሩ። ጀማሪ የሚሸነፈው እዚያ ነው። ሃምሳ ጣሪያ ሊሥል ይነሣና አሥራ አምስተኛው ላይ እጁ ይዝላል፤ የቀረውን በግምት ይሞላዋል፣ ግምቱም ከሩቅ ያስታውቃል። አንድ ቤት፣ ከቤቱም አንድ መጋጠሚያ ይምረጡ። መጋጠሚያ የምንለው አንዱ ቁስ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ነው፤ ድንጋዩ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት፣ ጭቃው ላይ ቆርቆሮው የሚያጠላበት፣ የድሮው የእንጨት በር ተነቅሎ ላሜራ የገባበት። ግንበኛው ያሰበው፣ ዝናቡ ያበላሸውና ባለቤቱ የጠገነው ጎን ለጎን የሚታየው እዚያ ነው።

የጭቃ ቤት ግድግዳን ቀረብ ብለው ይዩት። ስንጥቁ ዝም ብሎ አይሄድም። ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከኋላው የባሕር ዛፍ ቋሚ አለ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ምርጊቱም ይለቀዋል። አግድም የሄደው ማገሩን ይከተላል። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ደግሞ ጭድ ያነሰው ወይም ፀሐይ ቶሎ ያደረቀው ምርጊት ነው። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ክፍል ሁልጊዜ የተለየ መልክ አለው፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ስለሚረጭ ልስኑን ይበላዋል። ብዙ ሰው ያንን ክፍል ጠቆር ባለ ዘይት ቀለም የሚቀባው እድፉም ርጥበቱም እንዳይጎዳው ነው። ይህን ያወቀ ሰው ስንጥቅ ሊሥል ተነሥቶ መብረቅ ሥሎ አይመለስም።

ለመጀመሪያው ወር ኤ5 መጠን ያለው ደብተር፣ አንድ ኤችቢና አንድ 4ቢ እርሳስ ይበቃዎታል። ላጲሱን ቤት ይተዉት። ያንኑ መጋጠሚያ አራት ጊዜ ይሣሉት፤ በጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በ4 ሰዓት ተኩል፣ በ7 ሰዓትና በ9 ሰዓት ተኩል፣ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ። የመጨረሻውን አያዘግዩት። ፀሐይዋ አድማስ ላይ ሳትደርስ ጦሳ ጀርባ ስለምትገባ ዘግይተው የጀመሩት ጥላ እጅዎ ላይ እያለ ይጠፋል።

ትልቅ ሕንፃ ካልሣልኩ ካሉ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ ስሙ እንደሚለው እንግዳውን ሳይጠየፍ የሚያስተናግድ የግብር አዳራሽ ነው። እሱን ለሁለተኛው ወር ያቆዩት። ትልቅ ሕንፃ ጀማሪን በዳር መስመሩ ብቻ ያደክመዋል።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወደ ቤታችን የሚወስደውን ዳገት ስሥል ቤቶቹ ሁሉ የሚንሸራተቱ ይመስላሉ። መምህራችን ያሳዩን አንድ ነጥብ ያለውን፣ ማለትም እየራቁ የሚሄዱት መስመሮች ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙበትን አሣሣል ነው፤ እሱን ብከተልም አልሆነልኝም። (ተማሪዋ፣ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ መምህርሽ ያሳዩሽ ትክክል ነው፤ የተሠራው ግን ለሜዳ መንገድ ነው። ቤቶቹ የተንሸራተቱት የመስኮቱን ደፍ ከመንገዱ ጋር እኩል አዘንብለሽ ስለሣልሽው ነው። መንገዱ የቱንም ያህል ቢያዘነብል ግንበኛ ቤቱን የሚያቆመው በውሃ ልክ ነው። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ያስፈልግሻል፤ አንዱ የቤቶቹ፣ ሌላው የመንገዱ።

መጀመሪያ የዓይንሽን መስመር ፈልጊ። ክንድሽን ዘርግተሽ እርሳሱን አግድም በትክክል ዓይንሽ ፊት ያዢው፤ ከርቀት የትኛውን መስኮት፣ የትኛውን የመብራት እንጨት የት ላይ እንደሚቆርጥ ልብ በዪ። ሽቅብ እያየሽ ከሆነ መስመሩን ከወረቀቱ ታችኛው ሲሶ ላይ አስምሪው፣ ቁልቁል ከሆነ ከላይኛው ሲሶ ላይ። መሐል ላይ ካደረግሽው ዳገቱ ከወረቀቱ ይወጣብሻል።

ቀጥሎ መንገዱ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ቤት ምረጪና የመስኮቱን ደፍና የጣሪያውን ጠርዝ በስሱ ቀጥዪያቸው። ሁለቱ የዓይን መስመሩ ላይ ይገናኛሉ። ከዓይንሽ በላይ ያለው ወደ ነጥቡ ይወርዳል፣ ከዓይንሽ በታች ያለው ወደ ነጥቡ ይወጣል። በዚያው መንገድ ዳር ተሰልፈው የቆሙት ሁሉ ወደዚሁ ነጥብ ይሄዳሉ። ከዚያ የመንገዱን ግራና ቀኝ ጠርዝ ቀጥዪ። ሽቅብ ስታዪ የሚገናኙት ከመጀመሪያው ነጥብ ቀጥ ብሎ በላይ ነው፣ ቁልቁል ስታዪ ደግሞ ቀጥ ብሎ በታች።

አሁን አስቸጋሪው መጣ። ሽቅብ ስታዪ ራቅ ያሉት ቤቶች ከነመሠረታቸው ከዓይንሽ በላይ ይሆናሉ። ያን ጊዜ መንገዱ ወደ ላይ እየሄደ የቤቱ መስመሮች፣ የደፉ ሳይቀር፣ ወደ ታች ያዘነብላሉ። ዓይን ይህን አይቶ አያምንም፤ እጅም ሁለቱን ለማስታረቅ ብሎ የቤቱን መስመር ቀና ያደርገዋል። መንሸራተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። እጅሽን አትመኚው፤ መስመሩን በማስመሪያ ከነጥቡ አምጪው።

የማዕዘኖቹን ቁመት በቱንቢ ለኪ። አንድ ክንድ ክር ጫፍ ላይ ብሎን አስረሽ ካንጠለጠልሽ ቱንቢ ሆነ። ዳገት ላይ ስንቆም ሰውነታችን ያጋድላል፣ ደብተሩም አብሮ ያጋድላል፤ ሳናውቀው ቋሚውን ሁሉ አጋድለን እንሥላለን። ዳገቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ከፈለግሽ 1 ሜትር ጣውላ መንገዱ ላይ አጋድመሽ በውሃ ልክ አስተካክዪውና በታችኛው ጫፍ ሥር ያለውን ክፍተት ለኪ፤ 15 ሴ.ሜ ከሆነ ከመቶ 15 ማለት ነው። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ለቤቶቹም ለመንገዱም አዲስ ነጥብ ይምጣ። ሳይታጠፍ ዳገቱ ብቻ ሲበረታ ግን የሚቀየረው የመንገዱ ነጥብ ነው።

ጣሪያዎቹን እንደ ደረጃ እየቆጠርሽ ውረጂ። የታችኛው ቤት የጣሪያ ጠርዝ ከላይኛው ቤት መስኮት ወይም ከበሩ እጀታ ጋር እኩል የሚሆንበት አለ። የቱ ከየቱ ጋር እኩል እንደሆነ ቀድመሽ በነጥብ ካስቀመጥሽ ሥዕሉ ግማሹ አለቀ።

ጥያቄ፦ በውሃ ቀለም የቆርቆሮ ጣሪያ ስሠራ የተዘረጋ ምንጣፍ ይመስልብኛል። ዝገቱ ደግሞ የፈሰሰ ወጥ ነው የሚመስለው። (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ)

መልስ፦ ምንጣፍ የሚመስለው ሁሉንም መስመር ስለሚሥሉት ነው። የተለመደው ሞገደኛ ቆርቆሮ ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ 7.6 ሴ.ሜ ገደማ ነው፤ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ጣሪያ ወደ 80 ጉብታ አለው ማለት ነው። ከመንገድ ማዶ የቆመ ሰው ዓይን 80 መስመር አይቆጥርም። ሞገዱን የጣሪያው ጠርዝ ላይ በደንብ ያሳዩ፤ ጥላ በሚያርፍበት ቦታ ጥቂት መስመር ይጨምሩና መሐሉን ባዶ ይተዉት።

ከጉብታዎቹ ይልቅ ምስማሮቹን ይከተሉ። ምስማር የሚመታው ጉብታው አናት ላይ ነው፤ ሸለቆው ላይ ቢመታ ውሃ ያስገባል። ደግሞም የሚመታው ከሥር እንጨት ባለበት ብቻ ስለሆነ ምስማሮቹ አግድም ረድፍ ይሠራሉ። እነዚያ የነጥብ ረድፎች ከቆርቆሮው ሥር ያለውን እንጨት ከውጭ ያሳዩናል፤ እንጨቱ የጎበጠበት ቤት ረድፉም ይጎብጣል። ሦስት ረድፍ ነጥብ ከሰማንያ መስመር የበለጠ ጣሪያ ይመስላል።

ዝገቱም የሚጀምረው እዚያው ነው። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋን ነው፤ ምስማር የበሳበት፣ መቀስ የቆረጠበትና ሁለት ቆርቆሮ ተደርቦ ርጥበት የሚይዝበት ቦታ ቀድሞ ይዝጋል። ከምስማሩ ሥር የተነሣው ዝገት ወደ ሸለቆው ገብቶ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ጎን የሚሄድ ዝገት ከሣሉ ማንም ሳያውቀው ይከነክነዋል።

ግራጫውን ከጥቁር ቱቦ አይውሰዱ። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲዬና ያዋሕዱ፤ ሰማያዊው ሲበዛ አዲስ ቆርቆሮ፣ ቡናማው ሲበዛ ያረጀ ቆርቆሮ ይሰጥዎታል። መጀመሪያ ጣሪያውን በሙሉ በቀጠነ ቀለም ይሸፍኑ፣ ብርሃን የሚመታውን ጥግ ነጭ ይተዉ። ዝገቱን የሚነኩት ወረቀቱ ማብረቁን ሲተው፣ በእጅ ጀርባ ሲነኩት ግን ገና ሲቀዘቅዝ ነው። ቀድመው ከነኩት ቀለሙ ቅርጽ አጥቶ ይበተናል፣ «የፈሰሰ ወጥ» ያሉት እሱ ነው። ዘግይተው ከነኩት ደግሞ የተለጠፈ ይመስላል። ወረቀቱ ወፍራም፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ቢሆን ይመረጣል፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውሃ ሲያገኝ ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ሽብሽቡ ውስጥ ይጠራቀማል። በሐምሌ ጭጋግ ወረቀት ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ይዘው ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ሽመና ላይ ነኝ። የሠፈራችን የመስኮት ብረቶች ጥለት ይወጣቸዋል ብዬ አስባለሁ። አንዱን ሞክሬው ክቡ እንቁላል ሆነብኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ የብየዳ ባለሙያም እንደ ሸማኔ አንድ ቅርጽ ይይዝና መስኮቱ እስኪሞላ ይደጋግመዋል። ክቡ እንቁላል የሆነው ድርና ማጉ እኩል ስላልጠበቁ ነው። ማስመሪያ ጨርቁ ላይ አድርገው በ1 ሴ.ሜ ውስጥ ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ ለየብቻ ይቁጠሩ። 16 ድርና 12 ማግ አገኙ እንበል። በካሬ ወረቀቱ ላይ ያለውን አንዱን ካሬ 4 ድር በ4 ማግ ካደረጉት ወርዱ 2.5 ሚ.ሜ፣ ቁመቱ 3.3 ሚ.ሜ ይሆናል፤ እንቁላሉ ይኸው። 4 ድር በ3 ማግ ሲያደርጉት ሁለቱም 2.5 ሚ.ሜ ይሆናሉ። በዚህ ስሌት 24 ካሬ ወርድ ያለው ቅርጽ ጨርቁ ላይ 6 ሴ.ሜ ይወጣል።

ፎቶውን ፊት ለፊት ቆመው ያንሡ፤ ከጎን የተነሣ ብረት ወረቀት ላይ ሲገለበጥ ቅርጹ ይዛባል። ከዚያ የሚደጋገመውን ትንሹን ክፍል ብቻ ለይተው ካሬ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ብዙ ጊዜ ከሩቡ በላይ መገልበጥ አያስፈልግም፤ ቀሪው የእሱ ግልባጭ ነው። የብረቱ ጥምዝ በካሬ ሲሠራ ደረጃ መሆኑ አይቀርም፤ ደረጃዎቹን 1፣ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ካሰፏቸው ጥምዝ ይመስላሉ፣ ሁሉንም እኩል ካደረጓቸው ግን ቀጥ ያለ ሰያፍ ይሆናሉ። ሳይታሰር ላይ ላዩን የሚሄድ ክር ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከረዘመ ቀለበትና ጥፍር ይስበዋል። ረጅሙን መሐል ላይ በአንድ ድር ይሰሩት።

ለእኛ ከብረቱ ይልቅ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት የተሻለ ጥለት ይወጣዋል። ባዶውን ቀለም ቀብተው ብረቱን ነጭ ትተው አንድ ጊዜ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን የድሮ ቤት በስልክ ማንሣት እፈልጋለሁ። ፊቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ ሁልጊዜ ጥላ ነው። (ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። ሆኖም እኩለ ቀን ላይ ቢወጡ አይጠቅምዎትም፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች 50 ሴ.ሜ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ በሰኔ ጥላውን ከ2 ሜትር በላይ ወደ ታች ያወርደዋል። በጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ግን የዚያው ክፈፍ ጥላ 90 ሴ.ሜ ገደማ ነው፤ ብርሃኑም በሰያፍ ስለሚመጣ የድንጋዩን ሸካራነት፣ የልስኑን ጉብጉብ ሁሉ ያወጣዋል። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ናቸው፣ ስለዚህ ቀጠሮዎን በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ይያዙ።

ስልኩን ወደ ላይ አያንጋጡት፤ ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ወደ ኋላ ይሽሹ፣ ስልኩን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የተረፈውን መሬት በኋላ ይቁረጡት።

ጥያቄ፦ ሕንፃ ስሥል ጥበቃ አባረረኝ። መብት የለኝም? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በወታደር ካምፕ፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ በባንክና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዙሪያ ካሜራ አያውጡ፤ እርሳስም ቢሆን አስቀድመው ያስፈቅዱ። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ ያሉትን አባቶች ይጠይቁ። በመኖሪያ ቤት ደጃፍ ደግሞ «እንደምን አደሩ እማማ፣ በርዎን ልሥለው ነው» ማለት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ወንበር ይወጣልዎታል። ሥዕሉን ሳያሳዩ እንዳይሄዱ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አያቶቼ የኖሩበት ጣሊያን ሠራሽ ቤት ሊፈርስ ነው። ከፎቶ የበለጠ ነገር ማስቀረት እፈልጋለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ ይለኩት። ሁለት ሰው፣ የ5 ሜትርና የ30 ሜትር ሜትር፣ ኤ3 ወረቀትና አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል። መጠኑ 1 ለ50 ይሁን፤ 1 ሜትር በወረቀቱ ላይ 2 ሴ.ሜ ይሆናል።

መሬቱን አይመኑት። ውሃ በሞላ ግልጽ ቀጭን ጎማ ከበሩ ደፍ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ቤቱን ዙሪያውን ምልክት ያድርጉ፤ ቁመቱን ሁሉ ከዚያ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ይለኩ። ወርዱን ሲለኩ ሜትሩን አንድ ማዕዘን ላይ ዜሮ አድርገው ሳያነሡ በሩንም መስኮቱንም እያነበቡ ይሂዱ። እየቆራረጡ የለኩ እንደሆነ በየቁርጡ 1 ሴ.ሜ ስህተት ስምንት ቦታ ሲደመር 8 ሴ.ሜ ይሆንና መጨረሻ ላይ ቤቱ አልገጥም ይላል። የየክፍሉን ሁለቱንም ሰያፍ ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል፣ እንዳለም ይሣሉት እንጂ አያቃኑት።

ሜትር የማይደርስበትን ይቁጠሩ። ጣሪያው ሞገደኛ ቆርቆሮ ከሆነ የጉብታዎቹን ብዛት በ7.6 ሴ.ሜ ያባዙ። በኋላ በብሎኬት የተጨመረ ክፍል ካለ እያንዳንዱን ረድፍ ከነሙላቱ 21 ሴ.ሜ ገደማ ይያዙ። ድንጋዩን አንድ በአንድ መሣል ጊዜ ማባከን ነው፤ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቦታ መርጠው በ1 ለ10 በደንብ ይሣሉና ሌላውን ባዶ ይተዉት።

ቃላቱንም ሥዕሉ ላይ ይጻፉ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ቢሄድም አርማታ፣ ብሎኬት፣ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ዞኮሎ የሚሉት ቃላት ከግንበኞቻችን አፍ አልወጡም። ኮርኒስ እንዲያውም ትርጉሙን ቀይሯል፤ በጣሊያንኛ የጠርዝ ጌጥ የነበረው እኛ ዘንድ ጣሪያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ሆኗል።

ከመፍረሱ በፊት አንድ ነገር ደግሞ ይሥሩ። ፀሐይ የማይነካው ቦታ፣ ለምሳሌ የበሩ ማጠፊያ ጀርባ፣ ላይ በምላጭ 2 ሴ.ሜ ያህል ቀለም በቀስታ ይፋቁ። አንዱን ሽፋን ሰፋ፣ ቀጣዩን ጠበብ አድርገው ከፋቁ ቀለሞቹ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት እርስ በርስ ተከብበው ይወጣሉ፤ ከመሐል ያለው የመጀመሪያው ነው። ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ ስልክ ቀለም ይቀይራል። እዚያው ቆመው በውሃ ቀለም አዛምደው በተርታ ይቀቡና ከሥራቸው ማን ሲኖርበት እንደተቀባ ዘመዶችዎ የሚያስታውሱትን ይጻፉ። ቤቱን በኋላ በቀለም ሲሠሩት ከእነዚህ ውጭ ሌላ ቀለም አያስገቡበት።